ኦዤን አትዤ

ዣን ኦዤን ኦጉስት አትዤ (ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1857 – ኦገስት 4 ቀን 1927 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። የሚታወቀው የድሮዋን ፓሪስ ጎዳናዎች፣ ቤቶች፣ ሱቆችና መናፈሻዎች ከሠላሳ ዓመት ለማያንስ ጊዜ በማንሳቱ ነው። በሕይወት ዘመኑ ሥራውን እንደ ሥነ ጥበብ አላቀረበም፤ ለሠዓሊዎች፣ ለእጅ ባለሙያዎች፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለሙዚየሞች የሚሸጥ ሰነድ ነው ይል ነበር። ከሞተ በኋላ ግን ከዘመናዊ ፎቶግራፍ መሥራቾች አንዱ ተደርጎ ይቆጠር ጀመር። ትቶት ያለፈው ሥራ 8,500 ያህል ርዕሶችን ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ዛሬ የሌሉ ቤቶችና መንገዶች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ወጣትነት

አትዤ የተወለደው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ብዙ በማትርቀው የሊቡርን ከተማ ነው። አባቱ ሠረገላ ሠሪ ነበር። በ1862 አባቱ ሲሞት ልጁ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እናቱም ስለሞተች የእናቱ ወላጆች ቦርዶ ወስደው አሳደጉት። ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ በንግድ መርከብ ተቀጥሮ ባሕር ላይ ሠርቷል።

በ1878 ተዋናይ ለመሆን ወደ ፓሪስ መጣ። በብሔራዊው የሙዚቃና የቴአትር ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን የመግቢያ ፈተና ወደቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተፈትኖ ገባ። በዚያው ዘመን ለውትድርና አገልግሎት ስለተጠራ ትምህርቱን የሚከታተለው በትርፍ ጊዜው ብቻ ነበር። ሁለቱን ማስታረቅ ስላልቻለ በ1881 ከትምህርት ቤቱ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ከከተማ ወደ ከተማ ከሚዞሩ የቴአትር ቡድኖች ጋር አነስተኛ ሚናዎችን እየተጫወተ ኖረ። በ1886 ተዋናይቷን ቫላንቲን ደላፎስ ኮምፓኞንን ተዋወቀ፤ ሁለቱ እስከ እርሷ ሞት ድረስ ለአርባ ዓመት አብረው ኖረዋል።

በ1887 የድምፅ አውታሮቹ በመታመማቸው መድረክን ተወ። ሥዕል ሞክሮ አልሆነለትም። ፎቶግራፍ የጀመረው ከዚህ በኋላ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከፓሪስ ውጭ ነው። በ1890 ወደ ፓሪስ ሲመለስ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ሁለት ሙያ አጥቶ ሦስተኛውን እየጀመረ ነበር።

ሰነድ ለአርቲስቶች

የአትዤ የመጀመሪያ ደንበኞች ሠዓሊዎች ነበሩ። ሠዓሊ ዛፍ፣ አበባ፣ የእርሻ መሣሪያ ወይም ደመና ሲያስፈልገው ሜዳ ድረስ ከመሄድ ፎቶግራፍ ገዝቶ ከዚያ ላይ መሥራት ይችላል። አትዤ በሩ ላይ የሰቀለው ታፔላም ለአርቲስቶች የሚሆን ሰነድ እንደሚሸጥ የሚያስታውቅ ነበር። በኋላ ደንበኞቹ በዙ፦ ብረት ሠሪዎች፣ እንጨት ቀራጮች፣ የቤት ውስጥ አስጌጮች፣ የቴአትር መድረክ ሠሪዎች፣ አርክቴክቶችና የመጽሔት ሠዓሊዎች ከእሱ ይገዙ ነበር። የደንበኞቹን ስምና አድራሻ የሚመዘግብበት ደብተር እስከ ዛሬ አለ።

ይህ የንግድ መነሻ የአነሳሱን መልክ ወስኗል። ብረት ሠሪ የበር ማንኳኪያ ፎቶ የሚገዛው የጌጡን መስመር አይቶ ለመቅዳት ነው፤ ስለዚህ ፎቶው ጥርት ያለ፣ ጥላው ዝርዝሩን የማይሸፍን መሆን አለበት። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍን ሥነ ጥበብ ለማድረግ የሚጥሩ ሰዎች ምስሉን እያደበዘዙ፣ በብሩሽ እየነካኩ ሥዕል ለማስመሰል ይደክሙ ነበር። አትዤ በዚህ መንገድ አልሄደም። ጥርት ያለ ምስል ለእሱ የደንበኛ ጥያቄ ነበር። በኋላ የመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህንኑ ጥራት እንደ ውበት ተቀብለውታል።

የምትፈርሰዋ ከተማ

አትዤ ከ1897 ገደማ ጀምሮ ትኩረቱን ወደ ድሮዋ ፓሪስ አዞረ። ከዚያ በፊት ባሮን ኦስማን የከተማዋ አስተዳዳሪ በነበረበት ከ1853 እስከ 1870 ባለው ጊዜ የመካከለኛው ዘመን ጠባብ መንገዶች ፈርሰው ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ተቀይሰው ነበር። በዚያን ጊዜ ሻርል ማርቪል የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ የሚፈርሱትን መንገዶች ለመንግሥት አንስቷል። ማፍረሱ ግን ከኦስማን በኋላም አልቆመም። የከተማዋ ወዳጆች የቀረውን ለማትረፍ ሲነሱ፣ የድሮ ፓሪስ ኮሚሽን በ1897 ተቋቋመ። ለድሮ ቤት ፎቶግራፍ ገበያ የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

አትዤ ፎቶዎቹን ለካርናቫሌ ሙዚየም፣ ለፓሪስ ከተማ የታሪክ ቤተ መጻሕፍትና ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይሸጥ ነበር። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምም በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከእሱ ገዝቷል። በ1906 የከተማዋ የታሪክ ቤተ መጻሕፍት የመካከለኛዋን ፓሪስ አሮጌ ሕንፃዎች መንገድ በመንገድ እንዲያነሳ ሥራ ሰጠው። ከዚህ በቀር አብዛኛውን ሥራ የሠራው ማንም ሳያዝዘው ነው፤ መጀመሪያ ያነሳል፣ ከዚያ ገዢ ይፈልጋል።

ከሚያነሳቸው አንዳንዶቹ ለመጥፋት ዓመታት ብቻ የቀሯቸው ነበሩ። የቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ይገኝባት የነበረችው ቢየቭር ወንዝ በ1912 በፓሪስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተሸፍና ከመሬት በታች ቀርታለች። የዘንዶው ግቢ የሚባለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን የነዋሪዎች ግቢ በ1930ዎቹ ፈርሷል። ሁለቱም ምን ይመስሉ እንደነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ከሚያያቸው ማስረጃዎች መካከል የአትዤ ፎቶዎች ይገኙበታል።

መሣሪያውና አሠራሩ

አትዤ በሥራ ዘመኑ ሁሉ የተጠቀመው በእንጨት የተሠራ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ አካል ያለው ትልቅ ካሜራ ነበር። ምስሉ የሚያርፈው 18 በ24 ሴንቲ ሜትር በሆነ የመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው። ካሜራውን፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያውን፣ ጥቁር ጨርቁንና በሣጥን የተደረደሩ የመስታወት ሰሌዳዎችን ተሸክሞ በእግር፣ በአውቶቡስና በምድር ባቡር ይዘዋወር ነበር። ሥራ ሲጀምር በእጅ የሚያዙ ቀላል ካሜራዎች በገበያ ላይ ወጥተው ነበር፤ በ1920ዎቹ ደግሞ ትልቁ ካሜራው ያለፈበት ዕቃ ሆኖ ነበር። ጎረቤቱ ፎቶግራፍ አንሺ ማን ሬይ በኋላ እንደተረከው ትንሽ ካሜራ ሊያውሰው ቢጠይቀው አትዤ አልተቀበለም።

አሠራሩ ጊዜ የሚወስድ ነበር። መቆሚያውን ይተክላል፤ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ተገልብጦ የሚታየውን ምስል በደብዛዛው መስታወት ላይ ይመለከታል፤ ሌንሱን ያስተካክላል፤ ሰሌዳውን ያስገባል፤ ከዚያ የሌንሱን ክዳን ከፍቶ ይጠብቃል። በጠባብ መንገድ ውስጥ ብርሃን አነስተኛ ስለሆነ፣ ከቅርቡ ድንጋይ እስከ ሩቁ ጣሪያ ሁሉም ጥርት እንዲል ደግሞ የሌንሱን ቀዳዳ ስለሚያጠብ፣ ክዳኑ ለሰከንዶች ተከፍቶ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በፎቶው ላይ ይቀራል፤ የሚራመድ ሰው ግን እንደ ጭስ ደብዝዞ ይታያል ወይም ጨርሶ ይጠፋል።

ረጅም ሕንፃ ለማንሳት ካሜራውን ወደ ላይ ማዘንበል ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ያስመስላል። አትዤ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ያንሸራትት ነበር። በዚህ መንገድ የሕንፃው ማዕዘኖች ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሌንሱ ከልኩ በላይ ሲንሸራተት ግን ብርሃኑ የሰሌዳውን ላይኛ ጫፍ ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ ስለዚህ በብዙ ፎቶዎቹ ላይኛ ማዕዘኖች ላይ ክብ ጥቁር ጥላ ይታያል። ሌላ ባለሙያ ያንን ጫፍ ቆርጦ ይጥለው ነበር። አትዤ ተወው። ከሚያጎድፍ ጥላና ከሚዛነፍ ግድግዳ አንዱን መምረጥ ሲኖርበት ግድግዳው ቀጥ እንዲል መረጠ።

ፎቶውን የሚያጥበውም ራሱ ነበር። ኔጋቲቩን ከወረቀት ጋር በፍሬም አጣብቆ ፀሐይ ላይ ያስቀምጣል፤ ምስሉ በፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ከዚያ በወርቅ ጨው አጥቦ ቀለሙን ያጸናል። ምስሉ ስለማይጎላ እያንዳንዱ ፎቶ የሰሌዳው ልክ ነው። እያንዳንዱን ኔጋቲቭ እየቆጠረና በየርዕሱ እየመደበ ቁጥር ይሰጠው ነበር።

የአነሳስ ምርጫዎቹ

አትዤ ስለ ሥራው የጻፈው ትንሽ ነው። እንዴት እንደሚያስብ የሚታወቀው ፎቶዎቹን ጎን ለጎን በማየት ነው።

ሰዓት። ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው ማለዳ፣ መንገዱ በሰውና በጋሪ ሳይሞላ ነበር። ይህ የሥራ ጥበብ ነበር፤ ሰዓሊና አርክቴክት የሚፈልገው ሕንፃውን እንጂ አላፊውን አይደለም። ውጤቱ ግን ከሥራ ጥበብ ያለፈ ሆነ። ባዶው መንገድ፣ የረጠበው የድንጋይ ንጣፍና ከሩቅ የሚታየው ጭጋግ ከተማይቱን አንድ ነገር እንደሚጠበቅባት ያስመስሏታል። በ1925 በመጋቢት ማለዳ ከቫሌት መንገድ ጥግ ሆኖ ባነሳው ፎቶ፣ የፓንቴዮን ታላቅ ጉልላት በጭጋግ ውስጥ ሲደበዝዝ ከፊቱ ያሉት ተራ አሮጌ ቤቶች ጠቁረውና ጎልተው ይታያሉ። ዝነኛው ሕንፃ ከኋላ፣ ስም የለሹ ቤት ከፊት ሆኗል።

ቦታ። ሕንፃን በቀጥታ ከፊት ለፊት ማንሳት ለሰነድ የሚበጅ ነው፤ አትዤም ዝርዝር ጌጥ ሲያነሳ እንዲሁ ያደርጋል። መንገድና ግቢ ሲያነሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። ግድግዳው በአንድ ወገን ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፤ የመንገዱ ንጣፍ ከተመልካቹ እግር ሥር ይጀምራል፤ መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ዓይን ወደማይታየው ይሳባል። ፎቶውን የሚያይ ሰው ሕንፃውን ከመመልከት አልፎ በዚያ መንገድ የሚሄድ ይመስለዋል።

መተው። የኤፍል ግንብ ሲቆም፣ በ1889፣ አትዤ ፎቶግራፍ ጀማሪ ነበር። ግንቡ የዓለም መነጋገሪያና የፖስታ ካርድ ሁሉ ርዕስ ሲሆን እሱ በሥራዎቹ ውስጥ ቦታ አልሰጠውም ማለት ይቻላል። የኦስማንን ሰፋፊ ጎዳናዎችም ርዕስ አላደረጋቸውም። እንግዳ ፓሪስ ደርሶ መጀመሪያ የሚያያቸውን ትቶ ደረጃ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የበር ቅስት፣ የመጠጥ ቤት ታፔላና የግቢ ዛፍ ያነሳ ነበር። ኖትረዳምን እንኳ ሲያነሳ አንዳንድ ጊዜ ከወንዙ ማዶ፣ በዛፍ ቅርንጫፎች መካከል ከሩቅ እንድትታይ አድርጓል።

መስታወት። የሱቅ ቪትሪን ማንሳት የሚፈልግ ፎቶግራፍ አንሺ የመጀመሪያ ችግሩ ነጸብራቅ ነው፤ በመስታወቱ ላይ ከማዶ ያለው ቤትና ሰማይ ይታያል። አትዤ በ1908 ከበሮ የተባለውን መጠጥ ቤት ሲያነሳ፣ ከበሩ መስታወት ጀርባ ቆመው የሚያዩት ሰዎች ፊትና የካሜራው ነጸብራቅ አንድ ላይ ተነስተዋል። በ1920ዎቹ አጋማሽ በጎብለን ጎዳና ያነሳቸው የልብስ ሱቆች ደግሞ ነጸብራቁ ሆን ተብሎ የተፈለገ ይመስላሉ፤ ሱፍ የለበሱ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች በማዶው ሕንፃና በዛፎች መካከል የቆሙ መስለው ይታያሉ። ወጣት ሠዓሊዎችን በጣም የሳቡት እነዚህ ነበሩ።

መመለስ። ወደ አንድ ቦታ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ይሄዳል። በሴን ክሉና በቬርሳይ መናፈሻዎች አንዱን ኩሬ፣ አንዱን ሐውልት፣ አንዱን ዛፍ በተለያየ ወቅትና ብርሃን ደጋግሞ አንስቷል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ዕቃው ምን እንደሆነ ያስረዳሉ፤ የኋለኞቹ ደግሞ ብርሃኑ በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት ምን እንደሠራ ይናገራሉ።

ሰዎች፣ ሱቆችና የከተማው ዳር

አትዤ ባዶ መንገድ ብቻ የሚያነሳ ተደርጎ ቢታወቅም ከ1898 እስከ 1900 ባለው ጊዜ የመንገድ ላይ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን አንስቷል፤ የመብራት ሽፋን አዟሪ፣ ቅርጫት ሻጭ፣ የእጅ ኦርጋን የሚያዞር ሽማግሌና አጠገቡ የምትዘፍን ልጅ ከእነዚህ ይገኙበታል። እነዚህ ሙያዎች በትላልቅ መደብሮች መስፋፋት እየጠፉ ነበር።

ከ1910 እስከ 1915 ሥራውን በየርዕሱ በአልበም አሰባስቦ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሸጧል። አልበሞቹ የመኖሪያ ቤቶችን ውስጥ፣ በፓሪስ የሚታዩ ጋሪዎችን፣ ሱቆችንና ታፔላዎችን፣ እንዲሁም በከተማዋ ቅጥር ዙሪያ የሚኖሩትን ድሆች ይዘዋል። የመጨረሻው ቡድን የሚታየው ከቅጥሩ ውጭ፣ ሕንፃ መሥራት በተከለከለበት ዙሪያ ነው። በዚያ ቆራሌዎች ከጣውላና ከቆርቆሮ በተሠሩ ጎጆዎች ይኖሩ ነበር። አትዤ ለባላባት ቤት ደረጃ የሰጠውን ጥንቃቄ ለእነዚህ ጎጆዎችም ሰጥቷል፤ ነዋሪዎቹም ካሜራውን ፊት ለፊት እያዩ ቆመዋል።

የመኖሪያ ቤቶቹ አልበም ከሰነድነት ጋር የሚጋጭ ነገር አለው። በ1910 የተጠናቀቀው ይህ አልበም የሠራተኛ፣ የነጋዴ፣ የአርቲስትና የሌሎችም ቤቶች ውስጥ ያሳያል፤ የባለቤቶቹ ስም በመጀመሪያ ፊደል ብቻ ተጽፏል። በኋላ የመረመሩት የጥበብ ታሪክ ሊቃውንት ከክፍሎቹ አንዳንዶቹ የአትዤ የራሱ ቤት መሆናቸውን አረጋገጡ። የቴአትር አርቲስት ቤት ተብሎ የቀረበው እሱና ቫላንቲን የሚኖሩበት ነበር። ሰነድ ሻጩ በዚህ አልበም ላይ የቀድሞ ሙያውን አልረሳም፤ ቤቱን መድረክ አድርጎ ሌላ ሰው ተጫወተበት።

ጦርነትና ሽያጭ

አትዤ ከ1899 ጀምሮ የሚኖረው በሞንፓርናስ ሰፈር፣ ካምፓኝ ፕሪሚየር በሚባል መንገድ ቁጥር 17 ቢስ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ገበያው ደረቀ። የቫላንቲን ልጅ በጦር ግንባር ሞተ። አትዤ ኔጋቲቮቹን ከጉዳት ለመጠበቅ ምድር ቤት አስቀመጣቸው፤ በጦርነቱ ዓመታት ፎቶ ማንሳቱን ሊያቆም ምንም አልቀረውም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር። ከሱ በኋላ ሥራው ምን ይሆናል የሚለው ጉዳይ አሳሰበው። በ1920 የሥነ ጥበብ ጉዳዮች ኃላፊ ለነበረው ለፖል ሌዮን ጽፎ ከሃያ ዓመት በላይ በራሱ ተነሳሽነት የድሮ ፓሪስን መንገዶች ሁሉ እንደሰበሰበ፣ ወራሽ እንደሌለውና ስብስቡ ዋጋውን በማያውቅ ሰው እጅ ወድቆ እንዳይጠፋ እንደሚፈራ ገለጠ። መንግሥት 2,621 ኔጋቲቮችን በ10,000 ፍራንክ ገዛው። ገንዘቡ ለዚያን ጊዜ ትንሽ አልነበረም፤ ለአንድ ሰው የሕይወት ሥራ ብዙም አይባል። ያም ሆኖ ከደንበኛ ጥያቄ ነፃ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባት ዓመታት ከሥራው ሁሉ የተለዩ ናቸው። ወደ ቬርሳይና ሴን ክሉ ተመለሰ። በ1925 ከመጋቢት እስከ ሰኔ ተረስቶ ዱር የበላውን የሶ መናፈሻ አነሳ፤ በሣር የተዋጡ ደረጃዎች፣ በማለዳ ብርሃን ብቻቸውን የቆሙ ሐውልቶችና ቅጠል የሚያበቅሉ ዛፎች ይታያሉ። ቀድሞ በጥንቃቄ ይሸሸው የነበረውን ነገር አሁን ይቀበል ጀመር፤ ካሜራውን ወደ ፀሐይ አዙሮ ያነሳል፣ ጥላው ግማሹን ፎቶ እንዲውጠው ይተዋል። ብረት ሠሪ ከእነዚህ ፎቶዎች የሚቀዳው ጌጥ አልነበረም።

ወዳጁ ተዋናይና ዳይሬክተር አንድሬ ካልሜት እንደመሰከረው አትዤ በነገር ሁሉ ግትር ነበር፤ ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ለብዙ ጊዜ ምግቡ ወተት፣ ዳቦና ስኳር ብቻ ነበር።

ማን ሬይ እና ሱሪያሊስቶች

አሜሪካዊው ማን ሬይ በዚያው በካምፓኝ ፕሪሚየር መንገድ ይኖር ነበር። ከአትዤ አርባ ያህል ፎቶዎች ገዛ፤ ለወዳጆቹ ለሱሪያሊስት ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎችም አሳየ። በ1926 የሱሪያሊስቶች መጽሔት አንዱን የአትዤ ፎቶ ሽፋኑ ላይ አወጣው። ፎቶው በኤፕሪል 17 ቀን 1912 በባስቲል አደባባይ የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ተሰብስበው በአንድ ላይ ወደ ሰማይ ያንጋጠጡ ሰዎችን ያሳያል። ግርዶሹ ራሱ በፎቶው ላይ የለም።

አትዤ ስሙ በመጽሔቱ ላይ እንዳይጻፍ ጠየቀ፤ ያቀረበው ሰነድ ብቻ ነው በሚል ነበር። ሱሪያሊስቶቹ ባዶ መንገድና በመስታወት ውስጥ የቆሙ አሻንጉሊቶችን እንደ ሕልም አዩአቸው። እሱ ደግሞ የሕልም ሰው ተብሎ መጠራቱን አልፈለገም።

ሞቱና የሥራው መትረፍ

በ1926 ቫላንቲን ሞተች። አትዤ ከእርሷ በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ኖረ። በዚህ ጊዜ የማን ሬይ ረዳት የነበረችው ወጣቷ አሜሪካዊት ቤረኒስ አቦት ፎቶዎቹን አይታ ተማርካ ነበር፤ እየመጣች ትጠይቀው፣ ካላት ጥቂት ገንዘብም ትገዛው ነበር። በ1927 ወደ ስቱዲዮዋ መጥቶ እንዲነሳ ለመነችው። ባነሳቻቸው ፎቶዎች ላይ ካፖርት የለበሰ፣ ትከሻው የጎበጠ፣ የደከመ ሽማግሌ ይታያል። ፎቶዎቹን አጥባ ልታሳየው ስትሄድ ታፔላው ከበሩ ላይ ተነስቶ አገኘችው፤ አትዤ ሞቶ ነበር።

የውርሱ ኃላፊ ካልሜት ነበር። ወደ 2,000 የሚጠጉ ኔጋቲቮች ለመንግሥት የታሪክ ቅርሶች መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ቀሪውን አቦት ካልሜትን አፈላልጋ በ1928 ገዛችው፤ ከሺህ የሚበልጡ ኔጋቲቮችና በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የታጠቡ ፎቶዎች ነበሩ። በ1929 ወደ ኒው ዮርክ ስትመለስ ስብስቡን ይዛ ሄደች፤ የሥዕል ነጋዴው ጁሊየን ሌቪም ገንዘብ አዋጥቶ ባለድርሻ ሆነ። አቦት ይህንን ስብስብ አርባ ዓመት ያህል ጠበቀችው፤ አሳየችው፤ ጻፈችለት። የ1930ዎቹን ኒው ዮርክ ለመመዝገብ የሠራችው የራሷ ታላቅ ሥራም ከአትዤ ያገኘችውን ምሳሌ የተከተለ ነው። በ1968 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስቡን ገዛ።

ግምገማና ትሩፋት

ስለ አትዤ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1930 በ96 ፎቶዎች ታትሟል። በ1931 ጀርመናዊው ፈላስፋ ዋልተር ቤንያሚን ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ በጻፈው ድርሰት አትዤን ከፍ ያለ ቦታ ሰጠው፤ በኋላም ባዶ መንገዶቹን ወንጀል ከተፈጸመበት ቦታ ጋር አመሳስሎ፣ ተመልካቹ ምልክት እንዲፈልግ የሚያስገድዱ መሆናቸውን አስረድቷል። አሜሪካዊው ዎከር ኤቫንስ በዚያው ዓመት ስለ አትዤ ጽፏል፤ የራሱ የሱቅ፣ የታፔላና የተራ ቤት ፎቶዎችም ከአትዤ መማሩን ያሳያሉ።

ከ1981 እስከ 1985 የኒው ዮርኩ ሙዚየም በጆን ሻርኮቭስኪና በማሪያ ሞሪስ ሃምቡርግ አዘጋጅነት አራት ኤግዚቢሽኖችና አራት ቅጽ መጻሕፍት አቀረበ። ሃምቡርግ አትዤ በኔጋቲቮቹ ላይ የጻፋቸውን ቁጥሮች ሥርዓት ፈትታ ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሱ ለማወቅ መንገድ ከፈተች። ይህ ግን ክርክርም አስነሳ። ሻርኮቭስኪ አትዤን የራሱ እይታ ያለው ታላቅ አርቲስት አድርጎ ሲያቀርብ፣ የሥነ ጥበብ ሐያሲዋ ሮዛሊንድ ክራውስ ቁጥሮቹ የሚያሳዩት የቤተ መጻሕፍት ካታሎግን እንጂ የአንድ አርቲስት እድገትን አይደለም ብላ ተከራከረች።

ሁለቱም ወገኖች የሚያመለክቱት ወደ አንድ ሳጥን ነው። አትዤ ፎቶዎቹን የመደበው እንደ ነጋዴ፣ የሸጠው እንደ ሰነድ ነው። ነገር ግን በአንድ መንገድ ላይ የት እንደሚቆም፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚተውና መቼ እንደሚመለስ የወሰነለት ካታሎግ አልነበረም። ዛሬ ከተማና ሕንፃ የሚያነሱ ተማሪዎች ሥራውን የሚያጠኑት በዋናነት ለእነዚህ ውሳኔዎች ነው። የፓሪስ የታሪክ ባለሙያዎችና የቅርስ ጠባቂዎች ደግሞ ፎቶዎቹን እስከ ዛሬ የሚከፍቱት አትዤ በሸጠበት ምክንያት ነው፤ አንድ በር፣ አንድ ደረጃ ወይም አንድ መንገድ ከመጥፋቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ።